የረቡዕ ሊጥ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ

ውድ ወልደኪዳን፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ምሳ በልተህ እንደሆነ ልጠይቅህ። ስንገናኝ ሰላምታችን ይኸው ነበርና ልማዱ አልለቀቀኝም። ኮምቦልቻ ውስጥ ደህና በርገር አገኘህ? ወይስ እዚያም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞርክ "ዳቦው ጥሩ ነው፣ ሥጋው ግን ተቻኩሎበታል" እያልክ ትፈርዳለህ? ብቻህን እየበላህ ከሆነ ፍርድህን አልቀበልም። እኔ ሞክሬዋለሁ። የነቢያት ጾም ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ጠባሴ ካለችው በርገር ቤታችን ሄጄ ያንን እንቁላል የሚደፋበትን በርገር አዘዝኩና ግማሹን ሳልጨርስ ተነሣሁ። አስተናጋጁ "ያ ልጅ ዛሬም አልመጣም?" አለኝ። ዓመት አልፎታል እኮ። እሱ ግን ትናንት የተለያየን ይመስል ነው የሚጠይቀኝ።

ስልክህ አይነሣም። በቴሌግራም የላክሁልህም ሁሉ ሳይደርስህ ቀርቷል። ስለዚህ እጽፋለሁ። አድራሻህን የሰጡኝ አባትህ ናቸው። አዎ፣ አባትህ። እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ፤ ግን ከሥሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም አንተ ስለዚህ ነገር ከእኔ አፍ የሰማኸው ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው።

ከአገሬ ከለሚ መጥቼ ጋሽ ብርሃነ መስቀል ፒዛ ቤት ሊጥ አቡኪ ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያው ጠላቴ ብርዱ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ለእርሾ አይመችም። ሌላ አገር በሁለት ሰዓት የሚነሣ ሊጥ እዚህ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በኅዳር ውርጭማ ጭራሽ ያኮርፋል። ጋሽ ብርሃነ መስቀል ለዚህ የራሳቸው መላ ነበራቸው፤ ሊጡ በወተት ዱቄት ይቦካል። ወተቱ ያለሰልሰዋል፣ ጠርዙንም ደህና አድርጎ ያቀላዋል። ሊጡ ደግሞ አንድ ነው፣ ለፍስኩም ለጾሙም። የጾም ፒዛ ሲታዘዝ ቺዙ ይቀርና ድንቹ፣ ቃሪያውና ቲማቲሙ ይበዛበታል፣ በቃ። "ቺዝ ካልነካው ጾም ነው፤ ሊጥ ማንም አይጠይቅም" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ማንም አይጠይቅም ነበር። እኔም አዲስ ሠራተኛ ነኝና የታዘዝኩትን አቦካለሁ።

አንተ የመጣኸው ረቡዕ ቀን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ። የፋብሪካውን ሰማያዊ ቱታ እንደለበስክ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተቀመጥክና የጾም ፒዛ አዘዝክ። በልተህ ስትጨርስ የጓዳውን በር ገፋ አድርገህ "ይህን ሊጥ ያቦካው ማነው?" አልክ። ጥፋት የተገኘብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። አንተ ግን በዚህ ከተማ ጾምን ቅጣት የማያስመስል ፒዛ ስትበላ የመጀመሪያህ እንደሆነ ነገርከኝ። ሳቅሁ። ከለሚ ከወጣሁ ጀምሮ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። በዚያች ደቂቃ "ወተት አለው" ብልህ ኖሮ የሚበላሸው አንድ ሰሃን ፒዛ ብቻ ነበር።

ዓርብም መጣህ፤ የሚቀጥለውም ረቡዕ። የቄስ ልጅ መሆንህን፣ አንኮበር ከደብሩ አጥር ሥር ማደግህን የነገርከኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሕፃን ሳለህ አባትህ ቄስ ኃይለ ገብርኤል በዓርብ ቀን እርጎ ስትልስ አግኝተውህ እንዳልመቱህ አወራኸኝ። አልመቱህም፤ ግን በአንተ ፈንታ እሳቸው በማግስቱም እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። "ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር" አልክ። ያን ጊዜ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አሁን ከነገርኩት ሁለተኛ አይመጣም ብዬ ነው። ሌላ ማስተባበያ የለኝም ወልደኪዳን። እንድትመጣ እፈልግ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ውሸት ግን ሊጥ ነው፤ ሸፍነህ ባቆየኸው ቁጥር ይነፋል።

ሁልጊዜ ሰሃኑ ሲቀርብልህ ቀና ብለህ "እንብላ" ትለኝ ነበር። እኔም "ብላ፣ ይባረክልህ" እልና ወደ ጓዳ እገባለሁ። ጓዳ ውስጥ ሽሮዬን እበላለሁ። ለአንተ የማቀርበውን እኔ ራሴ በጾም ቀን ወደ አፌ አላስጠጋውም ነበር፤ ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። አንድ ዓርብ ቆርሰህ ልታጎርሰኝ እጅህን ብትዘረጋ ፊቴን አዞርኩ። "ቅዳሜ ከእጄ ትበያለሽ፣ ረቡዕና ዓርብ ትሸሺኛለሽ፤ ነገሩ ምንድን ነው?" አልከኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኩህ። ሰው እንዳያየን የፈራሁ መስሎህ ቁራሹን ራስህ ጎረስከው። ቅር ብሎህ እንደነበር አይቻለሁ።

ቅዳሜዎቹ ግን የኛ ነበሩ። በቅዳሜ የምደብቅህ ነገር አልነበረኝም፤ ስለዚህ ይሆናል እንደዚያ የምስቀው። ስለ ፒዛ አንድ ፍልስፍና ነበረህ፤ የከተማው ፒዛ የከተማውን አየር ይመስላል ትላለህ። የአዲስ አበባው ስስ ነው፣ ሰው ስለሚቸኩል። የደብረ ብርሃኑ ወፍራም ነው፣ እሱም እንደኛ ብርድ ልብስ ስለሚደርብ። ከሥሩ አዋዜ የማይቀባ ፒዛ ቤት እዚህ አይበረክትም፤ ካቻፕ ቢቀርብለትም ሰዉ ሚጥሚጣ ይጠይቃል። በርገሩንም በየሰፈሩ ለይተነው ነበር። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉት ቤቶች ሥጋውን ያሳሱና ችብሱን ከዳቦው ውስጥ ይጠቀጥቁታል፣ ተማሪው እንዲጠግብ። የጠባሴዋ እንቁላል ትደፋበታለች፤ አስኳሉ እስከ ክንድህ ካልወረደ በርገር በላሁ አትልም ነበር።

ጫጫ የሄድንበትን ታስታውሳለህ? አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር፣ ለሹፌሮች፣ ክቡን ዳቦ ለሁለት ሰንጥቃ ደቆ የተከተፈ ጥብስ ከነቃሪያው ትሞላበትና በርገር ብላ ትሸጣለች። እኔ "ይሄ ጥብስ በዳቦ ነው" አልኩ። አንተ ደግሞ "በርገርስ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?" አልክ። እስከ ደብረ ብርሃን ስንከራከር ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ረዳቱ ሳይቀር ከአንተ ወገን ሆነ። እኔ አሁንም ጥብስ በዳቦ ነው ባይ ነኝ።

ለሚ፣ የኛ ሰፈር ሻይ ቤት ፒዛ ጀመረ ሲባል ይዤህ የሄድኩ ጊዜ ደግሞ የመጣልን ቲማቲም የተቀባ ድፎ ዳቦ ነበር። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አንተ ግን እስከ ፍርፋሪው በላህና ባለቤቱን ጠርተህ "ጎበዝ፣ ጀምረኸዋል" አልከው። ሰውየው እስከ ዛሬ ያወራልሃል። እኔ የወደድኩህ ያን ቀን ነው። እሱንም አልነገርኩህም። ያልነገርኩህ ነገር ብዛቱ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። አባትህን ለዓይናቸው ሕክምና ይዘሃቸው መጥተህ በአንድ ረቡዕ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በዚያ ዝናብ ወደ ፒዛ ቤቱ አስገባሃቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒዛ አይተው አያውቁም። እጄ ላይ ያለውን ዱቄት በሽርጤ ጠርጌ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ሰሃኑን ሳቀርብ ጎንበስ ብለው አዩትና አንተን ትተው እኔን ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ጾም ነው?"

"ጾም ነው አባ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባርከው ቆረሱና የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ እኔ ዘረጉ። የቄስ እጅ እምቢ አይባልም፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምጾመው አልኳቸው። አንዱን ውሸት በሌላ ሸፈንኩት፣ ያውም ጽድቅ በሚመስል። ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንተም በኩራት አየኸኝ። ያን አስተያየትህን እስከ ዛሬ መሸከም አልቻልኩም።

ዓርብ ብቻህን መጣህ። አባትህን ወደ አንኮበር አሳፍረሃቸው ነበር። ቁራሹን አንሥተህ እንደ ልማድህ "እንብላ" ስትለኝ እጄን ሰሃኑ ላይ ጫንኩት።

"አትብላ። ሊጡ ወተት አለው።"

ቁራሹ እጅህ ላይ እንዳለ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅከኝ። ከመጀመሪያው ነው አልኩህ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ "አባቴም?" አልክ። እሳቸውም አልኩህ። ቁራሹን ቀስ ብለህ ወደ ሰሃኑ መለስክ፣ እጅህን ታጠብክ፣ ወጣህ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን አባባል ከማን እንደሰማሁት ታውቃለህ።

አምና መስከረም ላይ የሥራ ጓደኞችህ ለምሳ መጥተው ወደ ኮምቦልቻ መዛወርህን እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ሰማሁ። ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ማቡካቴን አላቋረጥኩም።

ለጋሽ ብርሃነ መስቀል ለጾሙ የተለየ ሊጥ ይቡካ ብያቸው ሦስት ቀን አኮረፉኝ። በአራተኛው ቀን አዲስ ሳፋ ገዝተው መጡና ጓዳ አስቀመጡት። ለካ ነገሩ የአንድ ሳፋ ጉዳይ ነበር። ያን ሳፋ ባየሁ ቁጥር ቀድሜ አፌን ብከፍት ኖሮ እላለሁ። አሁን ጾሙን ድንች በተቀቀለበት ውኃ ነው የማቦካው፤ ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ እንደ ወተቱ ግን አይሆንም። ደንበኞች "ሊጣችሁ ተለወጠ?" ይላሉ። አዎ፣ ተለወጠ፣ ድሮ ወተት ነበረበት እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ትከሻውን ሰብቆ ይበላል። አንዲት ሴት ከዚያ ወዲህ በሩን አልረገጠችም። አልፈርድባትም።

መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛህ ላይ አሁን ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ፒዛው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ለቲክቶክ ይቀርጹታል። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲል በሩን ማየቴን አልተውኩም። አንገቴ በራሱ ይዞራል። አሁን እንኳ ጾሙ የእውነት ጾም ነው፣ ልበላው እችላለሁ፤ ከልቡ እንብላ የሚለኝ ነው የታጣው። ቤቱ ሰው ሞልቶ እያለ ብቸኝነት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ጨንቆኝ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የሰጡኝን ቀኖና ጨርሼ ስመለስ "ለእኔ ነገርሽኝ፤ ላበላሻቸው ሽማግሌስ?" አሉኝ። በማግስቱ ወደ አንኮበር ተሳፈርኩ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሚኒባሱ ይዳብስ ነበር። ቤታችሁን ሰው አሳየኝ። እናትህ እትዬ ደመቀች ደጅ ላይ ገብስ ያሰጡ ነበርና ስሜን ስነግራቸው ብድግ ብለው አቀፉኝ።

"አንቺ ነሻ ያቺ ጿሚዋ?" አሉኝ።

አባትህ ያን ቀን ከደብረ ብርሃን ተመልሰው ከእኔ በላይ የምትጾም ልጅ አገኘልን ብለው አውርተውላቸው ነው። ገብቼ ከአባትህ ፊት ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሊጡን፣ ጾም ነው ማለቴን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልኩትን ሳይቀር። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ያውቃል? አሉ። ያውቃል፣ ከነገርኩት ጀምሮ ነው የጠፋው አልኳቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ለእነሱ ምንም አለመናገርህን ያኔ ነው የተረዳሁት። ገና አልፎ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ፋሲካ አልፎ፣ ቤትህን አልረገጥክም። ስትደውል ሥራ በዛ ትላለህ። እናትህ ታሟል ይላሉ፤ ጎረቤቱ ልጃችሁ ኮራ ይላል። አባትህ ግን ጋቢውን ከፊታቸው ሲያነሡ ገብቷቸው ነበር። "በእርጎው ጊዜ ያደረግሁትን አልረሳልኝም። ቢነግረኝ ደግሞ ራሴን በጾም የምቀጣ መስሎት ፈራልኝ። ዓይኔን እያየ መዋሸትም አልሆንልህ አለው" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ቀን ይዞኝ የመጣው ለዓይኔ መሰለሽ? ዓይኔስ ምክንያት ነው። ሊያሳየኝ የፈለገው አንቺን ነበር።"

ይህን አላውቅም ነበር ወልደኪዳን። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እስኪበቃኝ ጠበቁኝና ሳያውቁ የበሉትን እግዚአብሔር እንደማይጠይቃቸው፣ አንተንም እንደማይጠይቅህ ነገሩኝ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል ልጻፍልህ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። አንቺ ደግሞ ሳትበዪ ብቻሽን ቀረሽ። አሁን ሂጂና ጾም ነው ብለሽ ያበላሽኝን፣ ጾም አድርገሽ አምጪልኝ። አብረን እንብላ።"

ስለዚህ ባለፈው ረቡዕ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለተኛ አንኮበር ወጣሁ። ሚኒባሱ በሙሉ ሽንኩርት ሸተተ። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ፒዛ ነው ስላቸው እንኳን አንኮበር ደረሰ አሉ። ፒዛው ግን አንኮበር የደረሰው ቀዝቅዞ፣ ጠርዙ ደርቆ ነው። ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቅን። አባትህ ባረኩ፣ በሁለት እጃቸው ታግለው ቆረሱና የመጀመሪያውን ወደ እኔ ዘረጉ። ከእጃቸው ጎረስኩ። ከዚያ እሳቸው ረጅም ጊዜ አኝከው አኝከው ዋጡና እናትህን አዩ።

"ያኛው ይጣፍጥ ነበር" አሉ።

እናትህ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ፤ አባትህም ሳቁ። እኔ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም። ከመነሣቴ በፊት እናትህ አንድ ቁራሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ፤ የወልደኪዳን ነው፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። ይኸን ጊዜ ድንጋይ ሆኗል። ከእናትህ ጋር የሚሟገት ካለ ግን ይሞክር።

አድራሻህን ያኔ ነው አባትህ የሰጡኝ። እርስዎ ቢደውሉለት አይሻልም ወይ አልኳቸው። ብደውል ደህና ነኝ አባ ብሎ ይዘጋዋል፣ ደብዳቤ አይዘጋም፣ ጻፊለት አሉ።

እንግዲህ ይኸው ጻፍኩ። ከአባትህ የምትደብቀው ነገር የለህም፤ ያወቁትን አውቀዋል፣ የሳቁትንም ስቀዋል። ለጥምቀት አገርህ ግባ። ለእኔ ብለህ እንድትመጣ አልጠይቅህም፣ ያን የመጠየቅ ፊት የለኝም። ለዚያች መደርደሪያ ስትል ግን ና።

ከኮምቦልቻ አንኮበር ለመድረስ ደብረ ብርሃን ላይ መኪና መቀየርህ አይቀርም። ቸኩለህ ብታልፍ አልቀየምህም። ምናልባት ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን፣ ዘጠኝ ሰዓትም ቢያልፍ፣ ተማሪዎቹን አስነሥቼ ጠረጴዛህን አስለቅቅልሃለሁ። ሳፋዎቹ ሁለት ናቸው፤ ካላመንከኝ ጓዳ ገብተህ እይ። ፒዛው እንደ ድሮው አይጣፍጥም፣ አስቀድሜ ነግሬሃለሁ። ቁጭ በልና እንደ ልማድህ አንድ ጊዜ ብቻ "እንብላ" በለኝ።

በዚህኛው ጊዜ እበላለሁ።

አልታየች